ለአጥር ቁልቋል ይሻላል ወይስ በለስ?

አዳማ ላይ ግቢውን በተክል ማጠር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ያማርጣል። ሁለቱም እሾሃም ናቸው፣ ድርቅም ይችላሉ፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ካክተሱ ከሜክሲኮ የመጣው በለስ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካፈሰሰ ቁልቋል፣ የሚያዳልጥ ውሃ ካወጣ በለስ።

ወጪ፦ ሁለቱም ከጎረቤት በሚለመን ቁራጭ ይጀመራሉ።

አተካከል፦ ጠፍጣፋውን የበለስ ግንድ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ማቆየት፤ ከዚያ ሲሶውን መቅበር። ወዲያው ውሃ ከጠጣ ይበሰብሳል። አፈሩ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ መደቡን ከፍ ማድረግና አሸዋ መቀላቀል ይበጃል። ቁልቋልም እንዲሁ ነው፤ ወተቱ እስኪቆም ግን ይጠበቃል።

አደጋ፦ የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ እይታን ሊጎዳ ይችላል። ልጆች ባሉበት ግቢ እኔ አልተክለውም። የበለስ ጥቃቅን እሾህ ቆዳ ላይ ተሰክቶ ያናድዳል። ዋናው ጠላቱ ኮቺኒል የተባለው ተባይ ነው፤ ትግራይ ውስጥ ብዙ በለስ አጥፍቷል። ጥጥ መሰሉ ነጭ ነገር ሲጨፈለቅ ቀይ ካወጣ፣ ቶሎ ቆርጦ መቅበር ነው።

ከብት ለሚበዛበት ሰፈር ቁልቋል፤ በለስን ይበሉታልና። ፍሬና መኖ ለሚፈልግ፣ ጥቂት ዓመት ከታገሰ፣ በለስ።