ስፓይ፣ ኤክስኤስፒ ወይስ ኤስፒኤክስ? የኢንዴክስ ኦፕሽን ከመግዛታችሁ በፊት

በአሜሪካ ገበያ ኦፕሽን (እስከ ተወሰነ ቀን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) መነገድ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ስፓይን (SPY) ነው። ስፓይ የ500 ያህል ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚለካውን ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ የሚከተል ኢቲኤፍ፣ ማለትም እንደ አክሲዮን በገበያ የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ለገበያ የቀረበ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ኢቲኤፍ ነው። ኦፕሽን የወጣለት በ2005 ሲሆን፣ ዛሬ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን የሚያበቃ ውል አለው።

ያንኑ ኢንዴክስ የሚከተሉ ሌሎች ሁለት ኦፕሽኖችም አሉ። አንዱ ኤስፒኤክስ (SPX)፣ ሌላው ታናሹ ኤክስኤስፒ (XSP) ነው። ሁለቱም የሚገበያዩት በቺካጎው የኦፕሽን ገበያ በሲቦ (Cboe) ነው። እነዚህ ኢቲኤፍ የላቸውም፣ በቀጥታ በኢንዴክሱ ቁጥር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስልካችሁ ላይ ስታዩዋቸው ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ኮል (የመግዛት መብት) አላቸው፣ ፑት (የመሸጥ መብት) አላቸው፣ ስትራይክ (በውሉ የተወሰነ ዋጋ) አላቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው ውሉ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሼ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጨረሻ ላይ አካውንትህ ውስጥ አክሲዮን እንዲገባ ነው የምትፈልገው ወይስ ገንዘብ ብቻ?

መጠናቸው

የስፓይ ዋጋ 600 ዶላር ነው እንበል። አንድ ውል 100 አክሲዮን ስለሚወክል፣ ከጀርባው ያለው 60,000 ዶላር ነው። ኤክስኤስፒ የኢንዴክሱ አንድ አሥረኛ ስለሆነ መጠኑ ከስፓይ ጋር ተቀራራቢ ነው። ኤስፒኤክስ ግን አሥር እጥፍ ነው። ኢንዴክሱ 6,000 ላይ ከሆነ አንድ ውል ከ600,000 ዶላር ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። አነስተኛ አካውንት ያለው ሰው ኤስፒኤክስን ለጊዜው ይተወው። እውነተኛው ምርጫ ስፓይ ወይስ ኤክስኤስፒ የሚለው ነው።

ውሉ የሚያበቃበት አርብ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

የስፓይ ኦፕሽን የአሜሪካ ዓይነት ይባላል። ገዢው በፈለገው ቀን መብቱን መጠቀም ይችላል፣ ሲጠቀምም የሚንቀሳቀሰው አክሲዮኑ ራሱ ነው። ኤክስኤስፒና ኤስፒኤክስ የአውሮፓ ዓይነት ናቸው። ከማለቂያው በፊት ማንም መብቱን መጠቀም አይችልም፣ መጨረሻ ላይም የሚከፈለው የዋጋው ልዩነት በገንዘብ ነው።

በቁጥር እንየው። አካውንታችሁ ውስጥ 4,000 ዶላር አለ። የ600 ፑት ሸጣችሁ፣ መከላከያ እንዲሆን የ595 ፑት ገዛችሁ። ብሮከሩ (የምትነግዱበት አገናኝ ድርጅት) ከፍተኛው ኪሳራ 500 ዶላር፣ የተቀበላችሁት ፕሪሚየም (የኦፕሽኑ ዋጋ) ሲቀነስ ደግሞ ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ይነግራችኋል። አርብ ገበያው 598 ላይ ተዘጋ። በኤክስኤስፒ ከሆነ 200 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

በስፓይ ከሆነስ? የሸጣችሁትን ፑት ገዢው ተጠቅሞበታል፣ 100 አክሲዮን በ60,000 ዶላር ግዙ ተብላችኋል። የ595ቱ መከላከያ ደግሞ ዋጋ ቢስ ሆኖ አብቅቷል። ሰኞ ጠዋት ገበያው 590 ላይ ከተከፈተ በአክሲዮኑ ላይ ያለው ኪሳራ 1,000 ዶላር ነው። ያ 500 የተባለው ጣሪያ የሚሠራው ሁለቱም ውሎች በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነበር። ብዙ ብሮከሮች ይህ እንዳይደርስ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ይዘጉባችኋል። ሲዘጉ ግን ዋጋ አይመርጡላችሁም።

ሌላም አለ። የስፓይ ኦፕሽን የያዘ ሰው ገበያው ከተዘጋ በኋላም በኒውዮርክ ሰዓት እስከ 5:30 ፒኤም መብቱን ልጠቀም ማለት ይችላል። ገበያው 600.50 ላይ ተዘግቶ ተርፈናል ብላችሁ ስትሄዱ፣ ማታ መጥፎ ዜና ከመጣ አክሲዮኑ ሊጣልባችሁ ይችላል።

ዲቪደንድ

ስፓይ በየሩብ ዓመቱ ዲቪደንድ (ለአክሲዮን ባለቤቶች የሚከፋፈል ገንዘብ) ይከፍላል፤ ማን እንደሚያገኘው የሚወሰንበት ቀን በመጋቢት፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ ነው። በ2024 እና በ2025 ክፍያው በየሩብ ዓመቱ በአንድ አክሲዮን ከ1.50 ዶላር በላይ ነበር። ኮል ሸጣችሁ ዋጋው ከስትራይኩ በላይ ርቆ ከሄደ፣ ገዢው ዲቪደንዱን ለመውሰድ ከዚያ ቀን በፊት አክሲዮኑን ሊጠይቃችሁ ይችላል። አክሲዮኑ ከሌላችሁ ዲቪደንዱን ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። በአንድ ውል ከ150 ዶላር በላይ ማለት ነው። በኤክስኤስፒ ይህ ጣጣ የለም። ኮል ወይም ፑት ገዝታችሁ ብቻ ከሆነ የምትነግዱት፣ ይህን ክፍል አልፋችሁት መሄድ ትችላላችሁ።

ታክስ

በአሜሪካ ለምትኖሩ ኤክስኤስፒ ግልጽ ብልጫ ያለው እዚህ ነው። ውሉን የያዛችሁት ለአንድ ሰዓትም ይሁን፣ ትርፉ 60 በመቶ የረጅም ጊዜ፣ 40 በመቶ የአጭር ጊዜ ተብሎ ይታሰባል። የስፓይ ኦፕሽን ግን ከአንድ ዓመት በታች ከተያዘ ሙሉው ትርፍ እንደ ደመወዝ ነው የሚታየው።

24 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሰው 10,000 ዶላር አተረፈ እንበል። በስፓይ የፌዴራል ታክሱ 2,400 ነው። በኤክስኤስፒ 6,000ው በ15 በመቶ 900 ይሆናል፣ 4,000ው በ24 በመቶ 960 ይሆናል፣ ድምሩ 1,860። የ540 ዶላር ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ታኅሣሥ 31 ያልዘጋችሁት የኤክስኤስፒ ውል እንደተሸጠ ተቆጥሮ ታክስ ይሰላበታል። ቅጹም 6781 ነው፣ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።

ታዲያ ስፓይን ምን ያስመርጠዋል?

ገዢና ሻጭ የሚበዛበት እሱ ነው። በመግዣውና በመሸጫው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ አንድ ሳንቲም ነው። ኤክስኤስፒ ላይ ክፍተቱ ሰፋ ይላል። 5 ሳንቲም ቢሰፋ በአንድ ውል 5 ዶላር ነው፣ በቀን ደጋግሞ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው የታክሱን ጥቅም ይበላዋል። ስለዚህ ኤክስኤስፒ ላይ በገበያ ዋጋ አትዘዙ፣ ሁልጊዜ የምትከፍሉትን ዋጋ ራሳችሁ ወስኑ።

ሁለተኛው ምክንያት አክሲዮኑ ራሱ ነው። 100 የስፓይ አክሲዮን ያለው ሰው በላዩ ላይ ኮል እየሸጠ ፕሪሚየም መሰብሰብ ይችላል፣ ወይም ፑት ገዝቶ መውረዱን መከላከል ይችላል። ለዚህ ሰው አክሲዮን ቢወሰድበትም ቢመጣለትም ችግር የለውም። እሱ ኤክስኤስፒን ማየት አያስፈልገውም።

ያንኑ ኢንዴክስ የሚከተለው፣ ቩ (VOO) የሚባለው የቫንጋርድ ፈንድስ? ዓመታዊ ክፍያው 0.03 በመቶ ነው፣ የስፓይ 0.0945 በመቶ ነው። ገዝቶ ለማስቀመጥ ቩ ይሻላል። ለኦፕሽን ግን ገበያው ቀጭን ስለሆነ ስፓይ ላይ ሁኑ። ናስዳክ 100ን የሚከተለው ኪውኪውኪው (QQQ) የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለሚበዙበት ከስፓይ ይበልጥ ይዋዥቃል፣ ፕሪሚየሙም ይወደዳል። አይደብሊውኤም (IWM) የራስል 2000 ትናንሽ ኩባንያዎችን ይከተላል፣ የአንድ አክሲዮን ዋጋው ዝቅ ስለሚል 100 ለመያዝ የሚያስፈልገው ገንዘብ ያነሰ ነው። ሁለቱም ኢቲኤፍ ስለሆኑ ከላይ ያየነው የአርቡና የዲቪደንዱ ነገር ይመለከታቸዋል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ባለው ደንብ ምክንያት ስፓይን ራሱን በግል አካውንት መግዛት አብዛኛውን ጊዜ አትችሉም። ኦፕሽኑን የሚፈቅድ ብሮከር ብታገኙም፣ ውሉ ሲያበቃ አክሲዮኑ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ጠይቁት። የ60 እና 40ው ስሌት የአሜሪካ ታክስ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። አክሲዮኑ ያለው ወይም ሊይዘው የሚፈልግ ስፓይ። በቀን ውስጥ ቶሎ የሚገባና የሚወጣ ስፓይ። ስፕሬድ (እንደ 600ውና 595ቱ ፑት አንዱን ሸጦ ሌላውን መግዛት) ሠርቶ እስከ ማለቂያው የሚጠብቅ፣ አካውንቱም ትንሽ የሆነ ኤክስኤስፒ። በዚያው ዕለት የሚያበቃ ውል ለሚገዛ ጀማሪ ሦስቱንም አልመክርም፣ ሙሉው ፕሪሚየም በሰዓታት ውስጥ ያልቃልና።

የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት ብሮከራችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አካውንቴ ስፕሬድ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል ወይ? ውሉ በሚያበቃበት ቀን በስንት ሰዓት ነው እናንተ በግድ የምትዘጉብኝ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።