ሶኬት ላይ የሚሰካው የአይጥ ማባረሪያ፦ ቱሉ ዲምቱ ሞክሬው፣ አልመክርም

ሰላም ቤተሰብ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች ማሳው ከታጨደ በኋላ አይጥ እንዴት እንደሚወረን ታውቃላችሁ። ማታ ኮርኒስ ላይ የሚሮጡት ሩጫ እንቅልፍ አያስተኛም፣ የጤፉ ማዳበሪያ በስር በኩል ተቦርቡሮ ታገኙታላችሁ፣ መርዝ እንዳናደርግ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚድህ ልጅ አለ። ስለዚህ ይቺን ሰማያዊ መብራት ያላትን በድምፅ አይጥ ታባርራለች የምትባለውን እቃ ሁለት ፍሬ በ1,400 ብር ገዛሁ። ሻጩ ሰው አይሰማውም አይጥ ግን አትችለውም፣ ግድግዳ አልፎ ቤቱን በሙሉ ይሸፍናል ነው ያለኝ፣ ካርቶኑም ላይ ከ25 እስከ 65 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)፣ 120 ካሬ ይላል።

መጀመሪያ አካባቢ ቀነስ ያሉ መሰለን፣ ከዛ ግን እንደ ድሮው ሆነ። ባለቤቴ አንድ ማታ ኪችን ስትገባ አንዷ አይጠ መጎጥ እቃዋ ከተሰካችበት ሶኬት ስር፣ አንድ ክንድ እንኳን በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የሽሮውን ላስቲክ እየቀደደች አገኘቻት፣ ሰማያዊው መብራት ጀርባዋ ላይ እየበራ። ኮርኒስ ውስጥ ያሉትማ ከመጀመሪያውም አልተነኩም።

ለምን እንደማይሰራ ሳነብ ግን ነገሩ ራሱ ያዘኝ፣ እውነት እጅግ የሚገርም ነገር ነው። ድምፁ አይሰማቸውም አይደለም፣ ይሰማቸዋል። የኛ ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ ያበቃል፣ የአይጠ መጎጥ ወደ 80 ይደርሳል፣ እና እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በብዛት እኛ በማንሰማው በዛ ድምፅ ነው። ድመት ያየች አይጥ ጉድጓዷ ገብታ 22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ረዘም ያለ፣ አንዳንዴ ከሰከንድ በላይ የሚቆይ ጥሪ ታሰማለች፣ ያ የፍርሃት ድምፅ ነው። ሲጫወቱ ወይ ምግብ ሲጠብቁ ደግሞ 50 ኪሎኸርዝ አካባቢ አጫጭር ድምፆችን ያወጣሉ። ከጎጆ የወደቀ ግልገልም በዚሁ በማንሰማው ድምፅ ያለቅሳል፣ እናቱ ሰምታ ሄዳ በአፏ አንጠልጥላ ትመልሰዋለች።

ያክ ፓንክሴፕ የሚባል የአእምሮ ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አይጦችን በእጁ እየኮረኮረ ያንን የ50 ኪሎኸርዝ ድምፅ ሲያወጡ ቀድቷል፣ ሳቅ ነው ብሎም ተከራክሯል። በ2016 ደግሞ በርሊን ላይ ኢሺያማ እና ብሬክት የተባሉ ተመራማሪዎች ስትኮረኮር የሚነቁት የአንጎል ሴሎች በጨዋታም ሰዓት እንደሚነቁ አሳዩ፣ ያቺኑ አይጥ ግን ከፍ ያለና የሚያስፈራ ቦታ ላይ አስቀምጠው ሲኮረኩሯት ድምፁም የሴሎቹ ስራም ቀነሰ። አይጥ ደስ ብሎኛል ወይ ፈርቻለሁ ብላ አትነግረንም፣ ስለዚህ የድብርትና የሱስ መድሃኒት የሚያጠኑ ሰዎች ይህንን ድምፅ እንደ ስሜቷ መስኮት ያዩታል። ለመቅዳትም የኛ ስልክ አይበቃም፣ የሌሊት ወፍ ለማጥናት እንደሚጠቀሙበት አይነት ልዩ ማይክ ያስፈልጋል። በ2019 ዲፕስኩዊክ የሚባል ፕሮግራም ወጥቶ ድምፁን ወደ ምስል ቀይሮ ጥሪዎቹን በራሱ እየለየ ያወጣል።

አሁን ይቺን እቃ እዩአት። የአይጥ ጥሪ አጠገቡ ድመት አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ሽታ አለ፣ ከሱ በኋላም የሆነ ነገር ይከተላል። ይቺ እቃ ግን የራሷን አንድ አይነት ጩኸት ቀን ከሌት ትደግማለች፣ ምንም አይከተልም፣ አይጧም ምንም እንደማይመጣ ተምራ ትተወዋለች፣ ያውም ሽሮው እዛው እያለ። 22 ኪሎኸርዙን ራሱን ቀድታችሁ ብታሰሟት እንኳን ከአደጋ ጋር አያይዛ ላላወቀችው አይጥ ያን ያህል አያስፈራትም። ግድግዳ ያልፋል የተባለው ደግሞ ጭራሽ ልክ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ድምፅ አየር ላይ ቶሎ ይደክማል፣ ግድግዳ ይመልሰዋል፣ ጆንያና ልብስ ይውጠዋል፣ ከፍሪጅ ጀርባ ያለችው አይጥ ጋ በቅጡ አይደርስም። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት በ2001 ከ60 በላይ ለሚሆኑ የዚህ እቃ አምራቾችና ሻጮች ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፅፏል፣ እኛ ጋ አሁንም ይሸጣል፣ ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚገዛው ጤፉ የተበላበት ሰው ነው።

እኔ ከ5 ኮከብ 1 ሰጥቻታለሁ፣ እሷም መብራቷ ለልጁ ማታ ስለምትጠቅም ነው። ለኛ የሰራው የቧንቧ መግቢያ ቀዳዳዎችን የድስት መፋቂያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መድፈን፣ የበሩን ስር በቆርቆሮ መዝጋት፣ ጤፉንም ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ መገልበጥ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ ከእቃዋ ዋጋ ብዙም አልበለጠም፣ በርሜሉ ግን ቤት የነበረ ነው። ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ካለች ትንሿ የቤት አይጥ ስለምትገባ አትናቋት። የቀረን ኮርኒሱ ነው፣ ከጣራው ቆርቆሮና ከግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት በወንፊት ሽቦ የሚዘጋ ጎበዝ ሰራተኛ በገላን ወይ በቱሉ ዲምቱ በኩል የምታውቁ ከስር ፃፉልኝ፣ ዋጋውንም ጨምራችሁ።