ማቀዝቀዣውን አውጥተው ቁም ሳጥን ለሰጡን ባለሙያ

ሥራውን አሳምሮ የሠራን ሰው በሆድ ብቻ ማመስገን ንፉግነት ይመስለኛል። ከትንሿ ካራቫናችን (በመኪና ከምትጎተተው የጉዞ ማደሪያችን) ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣውን አውጥተው በቦታው የዕቃ ማስቀመጫ የሠሩልን አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ሥራቸውን እንዳላወራ ግን አልከለከሉኝም።

ካራቫኗ ሁለት ሰው ተኝቶባት ሦስተኛው የሚቆምበት የማያገኝባት ዓይነት ናት። ማቀዝቀዣው ከኋላ ግድግዳዋ ሥር ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ የተገጠመ፣ ለቤት መስኮት የሚሠራው ትንሹ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ 5,000 ቢቲዩ የሆነው ነበር። ዕቃው ራሱ ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሙቀት የሚያስወጣበትና አየር የሚስብበት ክፍተት ሲጨመርበት ሙሉውን ቁም ሳጥን ይዞታል። እኛ ደግሞ የምናድረው አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ነው። ይህን የሚያህል ማቀዝቀዣ ሲሠራ ወደ 500 ዋት ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 600 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ማቀዝቀዣውን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያሻግረውም። ጄኔሬተር ይዞ መዞር ይቻላል፤ ግን ጸጥታ ፍለጋ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ማስጮህ ለእኔ አይገባኝም። 20 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ ያለ ሥራ ስንጎትት ኖረናል ማለት ነው።

መጀመሪያ ያነጋገርነው ሌላ ሠራተኛ ነገሩን አቅልሎ ነበር የነገረን፦ ነቅሎ ማውጣት፣ ቀዳዳውን በሚነፋ ፎም መሙላት፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ መምታት። የእኛ ሰው ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና መጠየቅ ጀመሩ። የት ነው የምታድሩት? ኤሌክትሪክ የምትሰኩበት ጊዜ አለ? ሕፃን ወይም ሙቀት የማይችል ሰው አብሯችሁ ይጓዛል? የጣሪያው መስኮት በደንብ ይከፈታል? «ሙቀት ያለበት አገር፣ መስመር ካለበት ቦታ የሚያድር ሰው ሲመጣብኝ አላወጣም፤ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ገበያውን ራሱ የሚመልስ ባለሙያ በየቀኑ አይገኝምና ልቤ ያን ጊዜውኑ አረፈ።

ማውጣቱ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነበር። ከውጭ የሚመጣውን ገመድ ነቀሉ፣ ብሬከሩን አጠፉ፣ ሶኬቱን በቴስተር ፈተሹ። ካፓሲተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ማቀዝቀዣው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሽፋኑን እንዳንነካ ረዳታቸውንም እኔንም አስጠነቀቁ። የዚህ ዓይነት ማቀዝቀዣ ጋዙ ከነቧንቧው በአንድ አካል ውስጥ የታሸገ በመሆኑ ቧንቧ ሳይቆረጥ እንዳለ ይወጣል። ጋዙን አየር ላይ መልቀቅ ግን ጨርሶ አይሆንም፤ በብዙ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው አር-410ኤ የተባለው ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከቦታው እንዳይሄድ ቀጥ እንዳለ ተሸክመው አወጡት። አሁን ለሚጠቀምበት ሰው ተላልፎ መስኮት ላይ እየሠራ ነው።

ሙያቸውን ያየሁት ባዶውን ቀዳዳ ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። ማቀዝቀዣ ከአየር ውስጥ እርጥበት አውጥቶ ውኃ ያንጠባጥባል፤ የእኛም ሲያንጠባጥብ ኖሮ የታችኛው የእንጨት ክፈፍ ጥግ ላይ ለስልሶ ነበር። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ደህና ነው። እርሳቸው በመጠምዘዣ ጫፍ ጫን ሲሉት ሰመጠ። ያ ፎም ተነፍቶበት ቢሆን ኖሮ ብስባሹ ታሽጎ ውስጥ ውስጡን ግድግዳውን ይበላው ነበር። ደህናው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው አወጡ፣ አዲስ ገጠሙ፣ እስኪደርቅም ሳይዘጉት ጠበቁ። እኔ እየቸኮልኩ እርሳቸው አልቸኮሉም።

ከዚያ የድሮውን ሲሊኮን መፋቅ ነበር፤ አሰልቺ ሥራ። ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ አዲስ ማሸጊያም ቀለምም አይዝም። ስለዚህ ረዳታቸው ሙልጭ እስኪል ፋቀው፤ እርሳቸውም በጣታቸው ዳስሰው ሁለት ጊዜ መለሱት። ከውጭ በኩል ከቀዳዳው በሁሉም ጎን ሰፋ ያለ የአልሙኒየም ላሜራ፣ ከሥሩ የማይደርቅ የቡቲል ጎማ ቴፕ፣ ዙሪያውን በአልሙኒየም ሪቬት። ለምን በተራ የብረት ቪት እንዳልመቱት ስጠይቃቸው፣ ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አንዱ ሌላውን እንደሚበላ ነገሩኝ። ከውስጥ በግድግዳው ውፍረት ልክ የተቆረጠ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ። ውኃው ይወርድበት የነበረውን የወለል ቀዳዳም አልረሱም። ሰው የሚረሳው እርሱን ነው፤ አይጥ ግን አትረሳውም።

ፍተሻቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ረዳቱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ገባ፤ እርሳቸው ደግሞ በጎማ ቱቦ ውኃውን ቀስ ብለው ከታችኛው ጠርዝ ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ አፈሰሱ። ከላይ ቢጀምሩ ውኃው ሁሉንም ስለሚያረጥበው የሚያፈሰው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አንዲት ሪቬት ሥር ጠብታ ተገኘች፤ አወጡና እንደ አዲስ መቱት።

መደርደሪያው ሲሠራ ጀርባው ከውጭው ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ክፍተት ተዉ። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የተጫነ ልብስ በሁለት ሰው ትንፋሽ እርጥበት ሻጋታ ያበቅላልና ነው። የድሮውን ሶኬት አላጠፉትም፤ ሽፋን አድርገውለት ለሌላ አገልግሎት ተዉት።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሚዛኑ ነው። ማቀዝቀዣው ከጎማው ዘንግ በስተኋላ ስለነበር ሲወጣ ጭነቱ ወደ ፊት፣ ወደ መጎተቻው ጫፍ ያደላል። ከመሥራታቸው በፊትም በኋላም ጫፉን መዘኑት። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ በአውሮፓ መጠኑ ዝቅ ይላል፣ ወሰኑም በመኪናውና በመጎተቻው ላይ በኪሎ ይጻፋል። እዚያ ላይ ያለው ጭነት ካነሰ ካራቫኑ በፍጥነት ሲሄድ ጅራቱን መወዛወዝ ይጀምራል። «ልጄ፣ ባዶ ቦታ አገኘሁ ብለህ የታሸገ ምግብና የውኃ ጀሪካን እዚህ እንዳትደረድር» ሲሉኝ፣ «ታዲያ ምን ላስቀምጥ ጋሼ?» አልኳቸው። ብርድ ልብስ፣ የመኝታ ከረጢት፣ ልብስ አሉኝ፤ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ዘንጉ አጠገብ ይቀመጣል። እንዳሉት አደረግን። ቀድሞ እግራችን ሥር ይተራመስ የነበረው ሁሉ አሁን ገብቶ በሩ ይዘጋበታል።

ምስጋናዬ ዕውር እንዳይሆን ጉድለቱንም ልናገር። የላሜራው ነጭ ከካራቫኗ ነጭ ጋር አይገጥምም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ልዩነቱ ይታያል። አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ቅር አላለኝም፤ ለውበት ለሚጨነቅ ሰው ግን ይከነክነው ይሆናል። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ሥራ ላይ ሆነው «መቼ ያልቃል?» ከተባሉ መልሳቸው ዝምታ ነው።

ሊያሠራቸው የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ እርሳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። አስቀድማችሁ የማቀዝቀዣውን ፎቶግራፍ ከውስጥም ከውጭም አንሱ፤ ጎኑ ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ጽሑፍና ከሥሩ ያለው ወለል በደንብ ይታይ። የት የት እንደምታድሩም ጻፉላቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።