ፕሮፖዛልና ቴሲስ ለያዛችሁ፦ የላይብረሪውን የምርምር ድጋፍ ዴስክ ሳታዩ አትለፉ

ቴሲሴን አስረክቤ ጨርሻለሁ። ዲፌንሱ አልፏል፣ የፈታኞቹ እርማት ገብቷል፣ ሶፍት ኮፒውም ሪፖዚተሪ (የዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ተጭኗል። አማካሪዬን፣ ቤተሰቤንና የክፍል ጓደኞቼን በምስጋናው ገጽ ላይ አመስግኛለሁ። ይሄኛው ምስጋና ግን የአንድ ሰው ነው፤ በላይብረሪያችን የምርምር ድጋፍ ዴስክ ላይ የሚሠሩ ባለሙያ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ተማሪው ሁሉ እንደሚጠራቸው እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ አገልግሎት መኖሩንም አያውቅም። ላይብረሪ ሲባል መጽሐፍ መዋሻና ወንበር መያዣ ብቻ ይመስለናል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተማሪን በምርምር የሚያግዙ ላይብረሪያኖች አሏቸው። አንዳንዱ ጋ «ሰብጀክት ላይብረሪያን» ይባላሉ፣ አንዳንዱ ጋ «ሪሰርች ሰፖርት»። ቀጠሮ ትይዛላችሁ፣ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፣ ሰባራ ሳንቲም አትከፍሉም።

በሌላ በኩል «ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ዳታ ትንተና እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራም ቻናሉ ሞልቷል። ሰው ጭንቅ ሲለው ወደዚያ ይሮጣል። ስለ ሥነ ምግባሩ የሚሰብክ ሞልቷልና እኔ ስለ ውጤቱ ላውራ። ሌላ ሰው የጻፈው ቴሲስ ዲፌንስ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ፈታኙ «ይህን የናሙና አመራረጥ ለምን መረጥክ?» ሲል መልስ ይኖራል፤ ተሸምድዷላ። «እሺ፣ ሌላውንስ ለምን ተውከው?» ሲል ነው ጉድ የሚፈላው።

እትዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር አይጽፉላችሁም። ጠይቀው ጠይቀው እናንተኑ ያጽፏችኋል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከኔ በፊት የገባው ልጅ ገና አልጨረሰም ነበርና ጎን ቁጭ ብዬ አየሁ። ርዕሱ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው፤ የሠራተኞች ተነሳሽነትና የሥራ አፈጻጸም በአንድ ድርጅት ውስጥ። ፕሮፖዛሉ ወፈር ያለ ነው። እትዬ መግቢያውን ዘለሉት። የተዛማጅ ጽሁፎች ዳሰሳውንም ዘለሉት። ባዶ ወረቀት አወጡና በእስክሪብቶ ሦስት ዓምድ አሰመሩ። አንደኛው ላይ «ጥያቄ»፣ ሁለተኛው ላይ «መረጃው ከማን»፣ ሦስተኛው ላይ «በምን ይተነተናል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ልጁ ገፋ አደረጉት። «በል ሙላው።»

አንደኛውን ጥያቄ ሞላ፤ ከሠራተኞች፣ በመጠይቅ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ሞላ። አራተኛው ጥያቄ የደንበኞችን እርካታ የሚመለከት ነበር። እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። መጠይቁ የሚበተነው ለሠራተኞች ብቻ ነው። «ደንበኞቹ የት አሉ?» አሉት። ልጁ ገጽ ማገላበጥ ያዘ። የሉም። «እንግዲህ ወይ ደንበኞቹን አምጣቸው፣ ወይ ጥያቄውን ሸኘው» ብለው ሳቁ። ሸኘው። ሌላ መጠይቅ፣ ሌላ ናሙና፣ ሌላ የፈቃድ ደብዳቤ ከትከሻው ወረደለት።

ይህን ሠንጠረዥ እባካችሁ ሥሩት። ለእኔ ከብዙ የሜቶዶሎጂ ስልጠና ያቺ አንዲት ወረቀት በልጣብኛለች። ብዙ ፕሮፖዛል ላይ ዓላማው አንድ ነገር ይላል፣ ጥያቄው ሌላ፣ መጠይቁ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጠይቃል። ፕሮፖዛል ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

የናሙና መጠን ላይ ደግሞ የያማኔ ቀመር የሚባል አለ። ከአሮጌ ቴሲስ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጠቅላላ ብዛቱን በስህተት ህዳጉ ስኩዌር ታባዙና አንድ ትደምሩበታላችሁ፤ ከዚያ ብዛቱን ለውጤቱ ታካፍላላችሁ። ጠቅላላው ብዛት 800 ቢሆንና 5 በመቶ ስህተት ብትፈቅዱ 267 ሰው ይወጣል። እትዬ ቀመሩን አይጠሉትም። የሚጠሉት ያለቦታው ሲገባ ነው። ስሌቱ የተበጀው በእጣ ለሚመረጥ ናሙና፣ አንድን መቶኛ ለመገመት ነው፤ የመተማመን ደረጃውም 95 በመቶ ነው። ጥቂት ሰዎችን በጥልቀት ለምታነጋግሩበት ጥናት ምንም አይሠራላችሁም፤ እዚያ አዲስ ሐሳብ መምጣት እስኪያቆም ድረስ ነው የሚኬደው። መጠይቅ ስትበትኑም የማይመለስ አይጠፋምና ከተሰላው በላይ መበተን ያስፈልጋል። ሁለት ቡድን ማወዳደር ለፈለገ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ለዚያ ጂፓወር የሚባል፣ ከጀርመኑ ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ የሚወርድ ነጻ ሶፍትዌር አሳይተውናል።

ጽሁፍ ፍለጋ ላይ አብዛኞቻችን ርዕሳችንን እንዳለ ጉግል ስኮላር ላይ እንለጥፋለን። እሳቸው መጀመሪያ ርዕሱን ሁለት ሦስት ሐሳብ አድርገው ያስከፍሏችኋል። ለእያንዳንዱ ሐሳብ ተመሳሳይ ቃላት ታወጣላችሁ። በተመሳሳዮቹ መካከል «ኦር»፣ በሐሳቦቹ መካከል «ኤንድ»፣ ሳይነጣጠል እንዲፈለግ የምትፈልጉት ሐረግ ደግሞ በጥቅስ ምልክት ውስጥ። አንድ ጥሩ ጽሁፍ ስታገኙ ከሥሩ «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ነክታችሁ ከዚያ በኋላ ማን እንደጠቀሰው ታያላችሁ። የት ዳታቤዝ፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደፈለጋችሁም በማስታወሻ ይያዛል፤ የዳሰሳ ምዕራፉን ስትጽፉ ትፈልጉታላችሁ።

ሪፈረንስ በእጅ የሚጽፍ ተማሪ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ዞቴሮ ያስጭኗችኋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ወርድ ውስጥ ይገባና ጥቅሱንም ዝርዝሩንም ራሱ ይሠራል። አማካሪያችሁ ከኤፒኤ የማጣቀሻ አጻጻፍ ወደ ሌላ ስታይል ቀይሩ ቢሏችሁ የሌሊት እንቅልፍ አታጡም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ያከማቻችሁት ጽሁፍ በአሳታሚው ከተሰረዘ ዞቴሮ በቀይ ያስጠነቅቃችኋል። በነገራችን ላይ ኤፒኤ 7ኛ እትም የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ጽሁፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የአንደኛው ስም «እና ሌሎች» ተብሎ ነው የሚገባው። የአሳታሚው ከተማም ከዝርዝሩ ወጥቷል። አሁንም ከተማ እየጻፈ የሚያስረክብ ግን አለ።

አሁን አሁን የመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ቻትቦት ጠይቃችሁ የሰጣችሁ ሪፈረንስ። የደራሲው ስም እውነተኛ፣ ጆርናሉ እውነተኛ፣ ጽሁፉ ግን ከነጭራሹ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። እትዬ ከዝርዝራችሁ መሃል የተወሰኑትን እንደዘበት ይመርጡና የዲኦአይ ቁጥራቸውን (ለአንድ ጽሁፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ ነው) መፈለጊያው ላይ ያስገባሉ። የማይከፍት ካለ ወይም ሌላ ጽሁፍ ከከፈተ ዝርዝሩን ይመልሱላችኋል፤ «ያላየኸውን ምስክር አትጥራ» ብለው።

ጽሁፍ ከሌላ ጽሁፍ ጋር መመሳሰሉን ስለሚፈትሸው ተርኒቲን የነገሩኝን ሁሉም ድኅረ ምረቃ ተማሪ ቢሰማው ደስ ይለኛል። የሚወጣው መቶኛ የመመሳሰል መጠን ነው፤ የስርቆት ፍርድ አይደለም። 25 በመቶ ወጥቶ አብዛኛው ከሪፈረንስ ዝርዝርና ከተለመደ የመጠይቅ ጥያቄ የመጣ ሊሆን ይችላል። 8 በመቶ ወጥቶ ደግሞ ሙሉው ከአንድ ሰው ጽሁፍ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ቀለም የተቀባውን አንብቡ። ከዚህ የሚብሰው ግን ረቂቃቸውን በማያውቁት ሰው አካውንት የሚያስፈትሹት ነገር ነው። ያ አካውንት የገባውን ጽሁፍ ቋት ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ በኋላ ትምህርት ክፍሉ ዋናውን ሲያስገባ ከራሳችሁ ረቂቅ ጋር ይመሳሰልና ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል። «ራስህን ሰረቅህ ይልሃል» ይላሉ እትዬ። ይህንን ለኮሚቴ አስረዳለሁ ብላችሁ ደግሞ ስትመላለሱ አስቡት። እሳቸው ጋ ሲፈተሽ ጽሁፉ እንዳይቀመጥ ተደርጎ ነው።

ሥነ ምግባር ኮሚቴ ላይ የሚሉት አጭር ነው። ፈቃዱ ከመረጃ ስብሰባ በፊት። መጠይቁ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ወደኋላ ተመልሶ የሚፈቅድላችሁ የለም። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር መነሻ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው የጸደቀው፤ «አላወቅኩም ነበር» ለማለት ጊዜው አልፏል።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ፎርማቱ ነው። ቴሲስ ሊያስረክቡ ሲሉ ሰዎች የሚያለቅሱት በሐሳቡ ሳይሆን በገጽ ቁጥሩ ነው። ከምስጋናው እስከ ማውጫው ያለው በትንንሽ የሮማ ቁጥር፣ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ያለው በተለመደው ቁጥር እንዲሆን የሚጠይቅ መመሪያ ብዙ ነው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። እትዬ ከርሰራቸውን የማውጫው መጨረሻ ላይ አቆሙና ሴክሽን ብሬክ (ሰነዱን በክፍል የሚለይ ምልክት) አስገቡ። ወደ ምዕራፍ አንድ ግርጌ ወረዱ፣ የገጽ ቁጥሩ ላይ ሁለቴ ነኩ። ከላይ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ» የሚል፣ ክፍሉን ከቀዳሚው ጋር የሚያያይዝ ቁልፍ በርቶ ነበር፤ አጠፉት። ከዚያ ቁጥሩ ከ1 እንዲጀምር አደረጉ። አለቀ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ይኸው ነው?» አለች፤ እየሳቀች ነው ወይስ እየተናደደች አልለየሁም። ርዕሶቹን በሄዲንግ ስታይል ካደረጋችሁ ማውጫውም ራሱ ይወጣል፤ በነጥብ ነጥብ እየደረደራችሁ ገጽ መቁጠር አይጠበቅባችሁም።

ለሪፖዚተሪ የሚገባው ፋይል ፒዲኤፍ/ኤ እንዲሆን የሚጠይቅም አለ፤ ፎንቱን ውስጡ ይዞ የሚቀመጥ፣ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የተበጀ ዓይነት ነው። በተለይ አባሪው ላይ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መጠይቅ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ፎንቱ ካልተያዘ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከቴሲሱ ጆርናል ጽሁፍ ለማውጣት ካሰባችሁ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ለሕዝብ እንዳይከፈት ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ፎርሙን ስትሞሉ ጠይቁ። ቴሲሱ ከተከፈተ በኋላ «ድንቅ ሥራዎን በመጽሐፍ እናሳትምልዎ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። አትቸኩሉ። እኔ ለእትዬ አሳየኋቸው፣ አንብበው ሳይጨርሱ ሳቁ።

እንከን የለሽ አገልግሎት ነው አልልም። ማስረከቢያ ሲቃረብ ቀጠሮ ማግኘት ከባድ ነው፤ ዴስኩ ላይ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ተማሪው ደግሞ ሁሉም የመጨረሻዋን ሳምንት ነው የሚጠብቀው። ቋንቋ አያርሙም። ከበድ ያለ ስታቲስቲክስ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይልኳችኋል። ፊት ለፊት ተናጋሪም ናቸው፤ ሆደ ባሻ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ቻል ማድረግ አለበት። ደግሞ አማካሪን አይተኩም፤ «አማካሪዬ እንዲህ አሉኝ፣ እርስዎስ?» ብሎ ማጋጨት የሞከረ ሲመለስ አይቻለሁ።

በራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ዴስክ ፈልጉት። ድረ ገጹ ላይ ካጣችሁት የመጽሐፍ መዋሻው ባንኮኒ ላይ «ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር እገዛ የሚሰጠው ማነው?» በሉ። ርዕሱ ሳይጸድቅ ሂዱ፣ ያኔ ነው ብዙ ነገር መቀየር የሚቻለው። ስትሄዱ የምርምር ጥያቄዎቻችሁን በአንድ ገጽ፣ የትምህርት ክፍላችሁን የቴሲስ መመሪያና የወደዳችሁትን አንድ ጽሁፍ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጁን «ርዕስ ይስጡኝ» ብሎ የሚመጣውን አይወዱም፤ የእናንተዎቹም የሚወዱ አይመስለኝም።

እትዬ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ከኔ በኋላ የገባው ጓደኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ርዕሱ «የቴክኖሎጂ ተጽእኖ» ነው። በማን ላይ፣ የት፣ መቼ የሚል ነገር የለውም። ቻል ያድርጉት።