የግቢ ኢንኩቤተር ወይስ ከግቢ ውጭ? ለተማሪ ሥራ ፈጣሪዎች ንጽጽር

ግቢ ውስጥ ቢዝነስ የሚጀምር ተማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የዩኒቨርሲቲው ኢንኩቤተር፣ ማለትም ጀማሪ ድርጅቶችን ቦታና ምክር እየሰጠ የሚያሳድገው ማዕከል ነው። ቅርብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ዘንድሮ ባይቀበሉት በሚቀጥለው ሴሚስተር ይሞክራል። ስለዚህ ብዙው ተማሪ ሌላ አማራጭ ሳያይ እዚያው ይቆያል፣ ቆይቶም ይመረቃል። ሲመረቅ ክፍሉም፣ ኢንተርኔቱም፣ አማካሪውም ግቢው ውስጥ ይቀራሉ።

እኔ የግቢ ኢንኩቤተርን አልጠላም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከሱ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የሚያሳስበኝ ተማሪዎች ሳያወዳድሩ መግባታቸው ነው። ስልክ ሲገዙ ሦስት ሱቅ የሚዞሩ ልጆች ለድርጅታቸው የመጀመሪያ ቤት ሲመርጡ የመጀመሪያውን በር ብቻ አንኳኩተው ይፈርማሉ።

እዚህ አራት መንገዶችን ጎን ለጎን አያለሁ፦ የግቢ ኢንኩቤተር፣ ጀማሪ ድርጅትን በአጭር ፕሮግራም የሚያፋጥንና ድርሻ የሚወስድ የግል አክስለሬተር፣ ከሕዝብ በቅድመ ሽያጭ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ እና ከደንበኛ በሚገኝ ገቢ ብቻ መሥራት። ፌሎሺፕን (ለወጣቶች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) እና ውድድርን ወደ መጨረሻው ነካ አደርጋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግቢው ምን ይሰጣል?

ቦታ ይሰጣል፣ ጊዜ ይሰጣል፣ የመሳሳት ነፃነት ይሰጣል። ጥሩዎቹ ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ኢንኩቤተር የሆነው ቬሎሲቲ በ2008 የተጀመረው በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው። ሥራ ፈጣሪ ተማሪዎች አንድ ላይ እንዲኖሩ ተደረገ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ኮድ አልሠራ ሲል የጎረቤት በር ማንኳኳት ይቻላል ማለት ነው። ሃርቫርድ በ2011 ለተማሪዎቹ የኢኖቬሽን ላብ ከፍቷል። ብዙዎቹ የግቢ ማዕከላት ከድርጅታችሁ አክሲዮን አይወስዱም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድክመቱ የሚመጣው ከቀን መቁጠሪያው ነው። ግቢ የሚኖረው በሴሚስተር ነው፤ ገበያ ግን የፈተና ሳምንት አያውቅም። አንድ ድርጅት ከናንተ ጋር ለመፈራረም ሲዘጋጅ ማዕከሉ ለእረፍት ተዘግቶ፣ አማካሪያችሁ ፈተና እያረመ ሊሆን ይችላል። አማካሪዎቹም ብዙ ጊዜ መምህራን ናቸው። ስለ ቢዝነስ ብዙ ያነበቡ፣ ግን ለማያውቁት ሰው ደውለው ሸጠው የማያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የሠራችሁት የማን ነው?

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ ችላ የሚሉት ይህን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጉግልን ሲጀምሩ ስታንፎርድ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። የፍለጋው እምብርት የሆነው ፔጅራንክ የተሠራው እዚያው በመሆኑ ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) የተመዘገበው በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ጉግል በቴክኖሎጂው ለመጠቀም ከስታንፎርድ ፈቃድ መውሰድ ነበረበት። በምላሹ ዩኒቨርሲቲው 1.8 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን አገኘ። በ2005 ሲሸጠው 336 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቶለታል። ለጉግል ነገሩ በሰላም አለቀ። ፈቃዱን መደራደር ላቃተው ትንሽ ቡድን ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ ድርጅቱን ገና ሳይወለድ ሊገድለው ይችላል። ማንም ባለሀብት ቴክኖሎጂው የሌላ የሆነ ድርጅት ላይ ገንዘብ አያፈስም።

ደንቡ እንደየአገሩና እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በ1980 የወጣው የቤይ-ዶል ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤትን ዩኒቨርሲቲዎች በባለቤትነት እንዲይዙ ፈቅዷል። ስዊድን ውስጥ በተቃራኒው መምህራንና ተመራማሪዎች የፈጠራቸው ባለቤት ራሳቸው ናቸው። ዋተርሉም መብቱን ለፈጣሪው ይተዋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ለክፍል ሥራ የሠራው የራሱ ነው። ነገሩ የሚቀየረው ደመወዝ እየተከፈለው በረዳትነት ሲሠራ፣ በምርምር ገንዘብ ሲጠቀም፣ ወይም የላብራቶሪውን ውድ መሣሪያ አብዝቶ ሲጠቀም ነው።

ስለዚህ የኢንኩቤተሩን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የአእምሯዊ ንብረት ደንብ ፈልጉና አንብቡ። "ከፍተኛ የዩኒቨርሲቲ ሀብት መጠቀም" የምትል ሐረግ ካለች ምን ማለት እንደሆነች በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍልና ዋይፋይ ይቆጠራሉ? ባለ ሦስት አውታር ማተሚያውስ? መልሱ በኢሜይል ይምጣ። በቃል የተነገረ መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ግቢ ኤግዚቢሽንና ፒች፣ ማለትም ሐሳብን መድረክ ላይ ማቅረብ፣ ይወዳል። ፓተንት የሚያስፈልገው ነገር ከሠራችሁ ግን ሕዝብ ፊት ማቅረባችሁ ራሱ መብታችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ከማመልከቻው ቀን በፊት በአደባባይ የታየ ነገር በመርህ ደረጃ አዲስ መሆኑ ይቀራል። አሜሪካ የአንድ ዓመት ፋታ ትሰጣለች። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ መድረክ።

የግል አክስለሬተር፦ ገንዘቡ ስንት ያስከፍላል?

የግል አክስለሬተር ፈጣን ነው፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ድርሻ ይወስዳል። በጣም የታወቀው ዋይ ኮምቢኔተር በ2005 የተቋቋመ ሲሆን ፕሮግራሙ ሦስት ወር ነው። የውይይት ድረ ገጹ ሬዲት ከመጀመሪያው ዙር ወጣ፤ መሥራቾቹ በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ነበሩ። ዋይ ኮምቢኔተር ከ2022 ጀምሮ የሚሰጠው 500,000 ዶላር ነው። ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ይደነግጣል፤ አከፋፈሉን ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

በመጀመሪያው 125,000 ዶላር 7 በመቶ ይወሰዳል። የቀረው 375,000 ዶላር ድርሻው ዛሬ አይወሰንም። በኋላ ለሚመጡ ባለሀብቶች በምትሰጡት በጣም ምቹ ውል ልክ ወደ አክሲዮን ይቀየራል። እንበል ቀጣዩ ባለሀብት ድርጅታችሁን በ10 ሚሊዮን ዶላር ተምኖ ገባ። 375,000 ሲካፈል ለ10 ሚሊዮን 3.75 በመቶ ነው። ከ7 ጋር 10.75 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ይህ የአዲሱን ባለሀብት ድርሻ አይጨምርም።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እንደኔ እንደኔ፣ በፍጥነት ማደግ ለሚችልና ትልቅ ገንዘብ ለሚያስፈልገው ድርጅት ተመጣጣኝ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ዋጋ የሚያወጣው የመሥራቾቹ ትስስር ነው። የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ አብረዋችሁ የተማሩ ድርጅቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ለትንሽና ቋሚ ቢዝነስ ግን አይሆንም። በዓመት ጥሩ ትርፍ አግኝቶ ረግቶ መኖር የሚፈልግ ድርጅት አስር በመቶውን አስረክቦ የሚያገኘው የማያስፈልገውን ጥድፊያ ነው።

ለተማሪ ሌላም ዋጋ አለ። ለሦስት ወር ትምህርት ማቋረጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ኩባንያውም ዋይ ኮምቢኔተር በሚቀበላቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ በሲንጋፖር ወይም በኬይማን ደሴቶች መመዝገብ አለበት። በተማሪ ቪዛ ውጭ አገር የምትማሩ ከሆነ የራሳችሁ ድርጅት ውስጥ መሥራት ራሱ ሊከለከል ስለሚችል፣ ከማመልከታችሁ በፊት የግቢውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ።

ሁሉም አክስለሬተር ደግሞ አንድ አይደለም። ስሙን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ገንዘብ ሳይሰጥ ድርሻ የሚጠይቅ፣ ወይም ከተማሪ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚሰበስብ ካጋጠማችሁ ወጥታችሁ ሂዱ።

ደንበኛ የት ነው ያለው?

ለኔ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው። የተማሪ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣው ክፍል አይደለም፣ ሐሳብም አይደለም። ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍል የማያውቀው ሰው ነው።

ምርታችሁ ለተማሪ ከሆነ ግቢው ወርቅ ነው። ገበያው ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል። ግን ለጥርስ ክሊኒኮች የቀጠሮ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድንን አስቡ። ኢንኩቤተሩ ውስጥ ተቀምጦ ሦስት ወር ቢሠራ የሚያማምር የቀን መቁጠሪያ ይሠራል። የክፍል ጓደኞቹ "አሪፍ ነው" ይሉታል። አንድ ጧት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ጋ ቢቀመጥ ግን ሌላ ነገር ያያል። ጸሐፊዋ አንድ እጇ ስልክ ላይ፣ አንድ እጇ ደብተር ላይ ነው። ቀጠሮ መመዝገብ አላስቸገራትም፤ ደብተሩ ይበቃታል። የሚያስጨንቃት በቀጠሮው ቀን የሚቀረው ሰው ነው። ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ሐኪሙ ይቆጣል። ክሊኒኩ ገንዘብ የሚከፍለው ለሚያማምረው ቀን መቁጠሪያ አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት በሽተኛውን ለሚያስታውስ አጭር መልእክት ይከፍላል። ይህን ለማወቅ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ መገኘት ያስፈልጋል፤ ግቢ ውስጥ አይገኝም።

የጓደኛ አድናቆት እዚህ ላይ ጎጂ ነው። ጓደኛ መተግበሪያውን የሚያወርደው ስለሚወዳችሁ ነው። ሁለት መቶ አውራጅ ኖሮ አንድ ከፋይ ከሌለ ገበያው ገና አልተነካም።

ማይክል ዴል በ1984 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍሉ ሆኖ በ1,000 ዶላር ድርጅቱን ሲያስመዘግብ ይሠራ የነበረው ኮምፒውተር ማሻሻልና መሸጥ ነበር። ለሚከፍል ሰው፣ ዛሬውኑ። በራስ ገቢ መሥራት ማለት ይህ ነው። ድርሻ ለማንም አይሰጥም፣ ማመልከቻ አይሞላም። አዝጋሚ መሆኑ እውነት ነው። ላብራቶሪ ወይም የዓመታት ምርምር ለሚፈልግ ሥራም አይበቃም። ለአገልግሎት፣ ለንግድና ለአብዛኛው ሶፍትዌር ግን መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው።

ቅድመ ሽያጭ፦ የፔብል ታሪክ

የሚዳሰስ ዕቃ ለሚሠራ ተማሪ ኪክስታርተርን የመሳሰለ፣ ዕቃው ገና ሳይመረት ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የኢንተርኔት መድረክ አለ። ኤሪክ ሚጊኮቭስኪ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የእጅ ሰዓት ያሰበው በ2008 የዋተርሉ ተማሪ ሆኖ ለልውውጥ ትምህርት ኔዘርላንድስ ዴልፍት በሄደበት ጊዜ ነው። በ2011 ዋይ ኮምቢኔተር ገባ። ከዚያ በኋላ ግን በቂ ባለሀብት አላገኘም። በ2012 ኪክስታርተር ላይ 100,000 ዶላር ጠየቀ። ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡት። ግቢውም፣ አክስለሬተሩም፣ ሕዝቡም በየተራ አገልግለውታል።

የታሪኩ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። ሰዓቱ በመስከረም 2012 ይደርሳል ተብሎ በጥር 2013 መላክ ጀመረ። ድርጅቱም በ2016 መጨረሻ ተዘጋ፤ ሀብቱን ሌላው የእጅ መሣሪያ አምራች ፊትቢት ገዛው። ቅድመ ሽያጭ ፍላጎት መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ ፋብሪካ አይሆንም። ኪክስታርተር ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይወስዳል፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ በላዩ ይጨመራል። ግቡ ካልሞላ ምንም አይገኝም። ዘመቻ መክፈት የሚችሉትም በተወሰኑ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ፌሎሺፕና ውድድር

ቲል ፌሎሺፕ ዕድሜያቸው 22 እና ከዚያ በታች ለሆኑ፣ ትምህርት ለሚያቋርጡ ወጣቶች ነው። በ100,000 ዶላር ጀምሮ አሁን 200,000 ደርሷል፤ ድርሻ አይወስድም። የዲዛይን ሶፍትዌሩ የፊግማ ዲላን ፊልድና የዲጂታል ገንዘቡ የኢቴሪየም ቪታሊክ ቡተሪን በዚሁ አልፈዋል። እጅግ ጥቂት ሰው ነው የሚገባው፤ ዕቅዳችሁን እሱ ላይ አትመሥርቱ። ውድድሮች፣ ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሸልመው ሃልት ፕራይዝ፣ ለስምና ለልምምድ ጥሩ ናቸው። ከውድድር ውድድር የሚዞር ቡድን ግን ዳኛን ማሳመን ይለምዳል፣ ደንበኛን ማሳመን ይረሳል።

ታዲያ የቱን?

ሐሳቡ ገና ካልጠራ፣ ደንበኛው ተማሪ ከሆነ፣ ወይም የግቢው ላብራቶሪ የግድ ካስፈለገ የግቢ ኢንኩቤተር ግቡ። የመውጫ ቀን ግን ራሳችሁ ቁረጡ፤ አንድ ሴሚስተር ይበቃል። ደንበኛው ከግቢ ውጭ ያለ ድርጅት ከሆነ ክፍሉን ለስብሰባ ተጠቀሙበት፣ ቀኑን ግን ደንበኛው ጋ አሳልፉ። መክፈል የጀመሩ ሰዎች ኖረው ፍላጎቱ ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን ያኔ አክስለሬተር አመልክቱ፤ ገቢ ይዞ የሚደራደር ቡድን ድርሻውን በርካሽ አይሸጥም። የሚዳሰስ ዕቃ ያላችሁ፣ አንድ የሚሠራ ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) እና ከአምራች የተገኘ የዋጋ ማቅረቢያ ሳትይዙ ቅድመ ሽያጭ አትክፈቱ።

የትኛውንም ከመፈረማችሁ በፊት በፕሮግራሙ ያለፉ ሁለት ቡድኖችን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። አንዱ ድረ ገጹ ላይ ፎቶው የተለጠፈው ይሁን፤ ሌላው የከሰረው ይሁን። ለሁለቱም የመጀመሪያውን ከፋይ ደንበኛ ማን እንዳገናኛቸው ጠይቁ፤ ፕሮግራሙ ነው ወይስ ራሳቸው? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ቅጹን ሙሉ።