ደላላውን የተካው አፕ፦ ከሞጆ አዳማ ሞከርኩት

አዳማ ላይ የሴራሚክ ሱቅ አለኝ። ዕቃዬ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ አዳማን አልፎ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፤ ከዚያ እኔ መልሼ ላመጣው መኪና ፍለጋ ነው። ድሮ ለደላላ ደውዬ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ "መንገድ ላይ ነው" እየተባልኩ እውላለሁ፤ ሾፌሩ ግን ገና ቁርስ ላይ ነው። አሁን በአንድ የጭነት መኪና ማዘዣ አፕ መጠቀም ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ። ስሙ ይቅር።

ጥሩውን ላስቀድም። የጭነቱን ዓይነትና ክብደት ታስገባላችሁ፣ ዋጋው ከመጫኑ በፊት ቁርጥ ብሎ ይታያል። ኤፍኤስአሩ (የጭነት መኪናው) የት እንደደረሰ ካርታው ስለሚያሳየኝ አራጋፊዎቹን የምጠራው መኪናው ከተማ ሲገባ ነው፤ ቀድሞ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብለው ለጠበቁበት ሁሉ እከፍል ነበር። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ደረሰኙም ስልኬ ላይ ይቀራል።

ወደ ብስጭቴ ልምጣ። ባለፈው ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ 2 ሰዓት ሙሉ ሞጆ ላይ ደርቃ ቀረች። ለካ የሚከታተለው መኪናውን ሳይሆን የሾፌሩን ስልክ ነው! ባትሪ ካለቀ ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ካርታው ጌጥ ነው። ብደውል "እናጣራለን" ብቻ። በዚያው ቀን 7 ካርቶን ተሰባብሮ ደረሰኝ፣ ፎቶ አንስቼ ብልክም እስካሁን መልስ የለም። ሲጫን ፎቶ ማንሳት ግዴታ ቢሆን ኖሮ ማን እንደሰበረው ባላከራከረን።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሲሚንቶና ብረት ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ አዝዛለሁ፤ ለሴራሚክ ግን ለዱሮው ሾፌሬ እደውላለሁ።