ረጅሙ አባዱላ ለጡረተኛ ባልና ሚስት ማደሪያ ይሆናል? በኮምቦልቻና በደሴ መንገድ ሲመዘን

መኪና ውስጥ እያደሩ አገር ለማየት ለሚያስቡ ጡረተኞች ቶዮታ ሃይኤስ፣ በተለምዶ አባዱላ የሚባለው፣ የመጀመሪያው ምርጫ መሆኑ አይገርምም። ኮምቦልቻም ደሴም የማያውቀው መካኒክ የለም፣ መለዋወጫውም ወልድያ ድረስ አይጠፋም። ልዩነቱ ያለው የትኛው ሃይኤስ በሚለው ላይ ነው። አጭሩ አባዱላ 4.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከፍታው ከውጭ 2 ሜትር አይሞላም። ውስጡ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሱሪ ለመልበስ እንኳ ተኝቶ መታገል ይጠይቃል። ወጣት ይችለዋል፤ ወገቡን ለሚያመው ሰው ግን አንመክረውም። ጣሪያው ከፍ ያለው ረጅሙ 5.38 ሜትር ርዝመት፣ 1.88 ሜትር ስፋት፣ ከውስጥ 1.6 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቁመተ ረጅም ሰው አንገቱን ሰበር ማድረጉ አይቀርም፤ ቢሆንም አልጋ አንጥፎ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ዕቃ አንስቶ ለማስቀመጥ ይበቃል። የምንደግፈው ይህን ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ ስለ እሱ ነው።

ሞተሩ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ደሴ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ የለም። 5ኤል የሚባለው ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ፈትቶ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ግን አልጋ፣ ውሃና ባትሪ ተጭኖበት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ከኋላው ሰልፍ ያስከትላል። ባለ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ እና ባለ 3 ሊትሩ 1ኬዲ ተርቦ ስላላቸው ዳገቱን ይሻላሉ፤ የሚታወቅ ድክመት ግን አላቸው። ከኢንጀክተሩ ስር ያለችው የመዳብ ዋሸር ስታረጅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ጥላሸቱ ካርተር (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና ይሞታል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ያስከፍቱ፤ ትፍ ትፍ እያለ የሚገፋ ጭስ ካለ ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ዋሸሮቹ መቀየር፣ ካርተሩም ወርዶ ወንፊቱ መታየት አለበት። ይህን ያልፈተሸ ሻጭም ሆነ ገዢ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አልጋው። ብዙ አናጢ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አንድ ሰፊ አልጋ ነው፤ ከስሩም ለዕቃ ብሎ 70 ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል። ለዚህ ዕድሜ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት የሚነሳ ሰው ባለቤቱን መሻገር የለበትም፤ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት አይነካም፣ ጭንቅላቱም ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። የሚሠራው በየግድግዳው አንድ አንድ አልጋ፣ እያንዳንዱ 65 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.90 ሜትር ርዝመት፣ መሐል ላይ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ነው። ከፍራሹ ጋር ከወለሉ 45 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጉልበት ልክ ይሆናል፤ ተነስቶ ለመቆም ክንድ አያስቸግርም። ፍራሹ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሲጫኑት ቶሎ የማይሰምጥ ጠጣር ስፖንጅ ይሁን።

እንጨቱ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ እንጂ ቺፑድ አይሁን። 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ኮምፔርሳቶው ግማሹን ነው። ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ቺፑድ በጠጠር መንገድ ንዝረት ቪቱ እየላላ ይወልቃል፣ አንዴ ውሃ ከነካውም ያብጣል። ቋሚውን በቀጭን ቱቦላሬ ማስበየድ ይሻላል። ክፈፉን ለማሰር የወንበሮቹን የቀድሞ የብሎን ቀዳዳዎች መጠቀም ግዴታ ነው እንላለን፤ ወለሉን አዲስ የሚበሳ ሰው ከስሩ የነዳጅ ታንክና የፍሬን ቱቦ እንዳለ ይረሳል። ኮምፔርሳቶው ላይ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለት ሰው የሚተነፍሰው እርጥበት ላሜራው ላይ ጤዛ ይሆንና ከፍራሹ ስር ይሻግታል። ቢበርድም ሁለት መስኮት በትይዩ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ተከፍተው ይደሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር፦ ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም። ወሎ ላይ ቡና ያለ ከሰል አይታሰብም፣ ብርዱም ይገፋፋል፤ ግን መኪና ውስጥ የገባ ከሰል፣ ፍም ብቻ ቢቀረውም፣ ሽታ በሌለው ጋዝ ሁለቱንም ተኝተው ሳሉ ይገድላል። አቦሉም ቶናውም ውጭ ይፈላ። ቡታ ጋዙም ከመኪናው ውጭ ቢበስልበት ይመረጣል፤ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ደግሞ ከታች በኩል ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኑረው፣ ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። መገጣጠሚያውን ሳሙና አረፋ ቀብቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለመብራት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪና ጣሪያ ላይ 200 ዋት ሶላር ይበቃል። ተራው የሊድ ባትሪ ከግማሹ በታች መውረድ ስለሌለበት በተግባር የሚገኘው 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። አምፖልና ስልክ ከዚህ ላይ ጥቂት ነው የሚወስዱት፤ የሚበላው ፍሪጅ ነው፣ በተለይ ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ ሲወረድ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ግን ፍሪጁ ቅንጦት አይደለም፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በረዶ ከሆነ ደግሞ ይጣላል፣ ስለዚህ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር አይነካካ። ኤሌክትሪሺያኖች የሚሠሩት የተለመደ ጥፋት ሁለተኛውን ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ ጋር በቀጥታ ማያያዝ ነው። ማታ ፍሪጁ ሁለቱንም ይጨርስና ጠዋት መኪናው አይነሳም። መሐላቸው ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን የሚለያይ ሪሌ ወይም ዲሲ ቻርጀር ይግባ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታም ፊውዝ ይኑር።

ውሃ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከፊትና ከኋላ ጎማ መሐል ወለል ላይ። ለሽንት ቤት ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ መቀመጫ፣ ለመሸፈኛ ሰጋቱራ፤ እሱም ከአናጢው ቤት አይጠፋም። በተንሸራታቹ በር ስር ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የምትታጠፍ ደረጃና አንድ ጠንካራ መያዣ ማስበየድ ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም የሚጠቅመው ሥራ ነው። ወንበር ከመነቀሉ በፊት ሊብሬው ላይ ያለው የሰው ብዛት እንደሚቀየር መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ አለዚያ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይመለሳል።

አጠቃላይ ጭነቱን፣ ከሰዎቹ ውጭ፣ ከ400 ኪሎ በታች መያዝ ይቻላል። ፖርቶመጋላ ላይ ከ50 ኪሎ በላይ ግን አይጫን፤ ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና በመታጠፊያ ላይ ያዘነብላል። ጎማው 195 አር 15 ጭነት የሚችለው ዓይነት ነው። ጡረተኛ ብዙ ስለማይነዳ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል፤ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፣ 2319 ማለት በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ጥሩ ቢሆንም ስድስት ዓመት ያለፈውን ለረጅም መንገድ አንመክርም።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ባሕር ዳር ከመነሳት በፊት ሙሉ ጭነት አድርጎ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ፣ እዚያ አድሮ መመለስ ነው። አንዱ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ዳገቱም ቁልቁለቱም መታጠፊያውም አለበት፤ በክረምት ጉሙም አይቀርም። ሲወጣ የሙቀት መርፌውን ማየት፣ የሚንኳኳ ዕቃ ካለ ምልክት ማድረግ። ሲመለስ ሐረጎን በወጣበት ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል፤ ፍሬን ላይ እግር ጥሎ የሚወርድ ሰው የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል፣ ሁለት ዓመት ያልተቀየረ ዘይት ደግሞ እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ኮምቦልቻ ገብቶ እንደቆመ እጅን ወደ አራቱ ቸርኬዎች ሳይነኩ አስጠግቶ ማየት ይገባል፦ የፊቶቹ ከኋላዎቹ መጋላቸው ያለ ነው፤ ከፊቶቹ አንዱ ከጓደኛው በጣም ከጋለ ግን ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠው ክፍል) ተጣብቋልና ሳይፈታ ወደ ሩቅ መንገድ አይወጣም።